የኦስላን ካብ የዘለለው ሰው

ኦስላ ስትቆጣ ድምጿ አይጨምርም፤ ይቀንሳል። ብሬናይ ደሴት ላይ ያደገ ሁሉ ይህን ያውቃል። ከጮኸች ችግር የለም፤ ድስት ገንፍሎባት ወይም በግ ጎመኗን በልቶባት ነው፣ ወዲያው ይበርድላታል። ድምጿ ዝቅ ብሎ ቃሏ አንድ በአንድ መውረድ ሲጀምር ግን፣ ዕድሜውን በዚያ ክፉ ባሕር ላይ ጀልባ ሲነዳ የኖረው የአክስቷ ልጅ ላውሪ እንኳ ኮፍያውን አንስቶ ቀስ ብሎ ወደ በሩ ያመራል።

የተወለደችው ከወፍ ጣቢያው ቁልቁል ባለችው ትንሽ የድንጋይ ቤት ነው። በልጅነቷ የደሴቱ ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ ገደሉን እየወረደ የባሕር ወፍ እንቁላል ይለቅም ነበር፤ ወፍ ማለት ራት ነበር። በኋላ ከደቡብ የተማሩ ሰዎች መጡና፣ ባሕር አቋርጣ ደክሟት የምታርፈውን ወፍ ሁሉ በመረብ እየያዙ፣ እግሯ ላይ ቀለበት እያሰሩ የሚለቁበትን ጣቢያ ሠሩ። የኦስላ እናት የእንግዶቹን አንሶላ ታጥብ ነበር። «እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ወይ አይበሏት፣ ወይ አይተዋት» ትል ነበር።

ኦስላ ራሷ በወጣትነቷ ወደ ሌርዊክ ከተማ ተሻግራ በዓሣ ፋብሪካ ሠርታለች፤ ታሚ የሚባል ሰውም አግብታ ነበር። ታሚ ለነዳጅ ቁፋሮ ሥራ ወደ ባሕር መሃል ሄደ፣ ከዚያ ወደ አበርዲን፣ ከዚያ ወደ ሌላ ሴት። ኦስላ አላለቀሰችም። ተቆጣች። ቁጣዋን ይዛ ወደ ደሴቷ ተመለሰች፣ እናቷን አስታመመች፣ ቀበረች፣ ከዚያም በጣቢያው ወጥ ቤት ሥራ ገብታ ያንን ቁጣ በሊጥ ላይ ተወጣችው። ዳቦዋን የቀመሰ እንግዳ ሁሉ እጇን ያመሰግናል፤ ሊጡ ለምን እንደዚያ እንደለሰለሰ ግን የሚያውቅ የለም።

ወፍ አትወድም፣ አትጠላምም። እንግዶቹንም እንደዚያው። ጣቢያው ባይኖር ጀልባው እንደማይመላለስ፣ ትንሿ አውሮፕላን እንደማታርፍ፣ ሱቁም እንደሚዘጋ ታውቃለች። የጎረቤቶቿ ቤት ጣሪያው ወርዷል፤ ልጆቹ አገር ጥለው ሄደዋል፤ ትምህርት ቤቱ የበግ ጠጉር ማከማቻ ሆኗል። ደሴቷን በነፍስ ያቆያት በመኸር ከዚህም ከዚያም ወፍ ለማየት እየመጣ በጣቢያው የሚሰነብተው ሰው ነው። የሰው እጅ እያዩ መኖር ደግሞ ለኦስላ ዓይነት ሰው እሾህ ላይ እንደመቀመጥ ነው።

ከቤቷ ጀርባ የጎመን ካብ አላት። ብሬናይ ላይ ዛፍ የለም፤ ጨው ያዘለው ነፋስ የተተከለውን ሁሉ ያቃጥላል፤ ስለዚህ ጎመን የሚተከለው በክብ የድንጋይ ካብ ውስጥ ነው። ይህን ካብ የካበችው እናቷ ናት፤ ያለ ጭቃ፣ ያለ ሲሚንቶ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ፣ ከፍታው ከሰው ዓይን ትንሽ በላይ። የደከመች ወፍ መጠለያ ስትፈልግ የምታገኘው እሱን ነው፤ ሄዳ ጎመኑ ሥር ትወሸቃለች። የጣቢያው ሰዎች ይህን ባዩ ጊዜ ኦስላን ለምነው ፈቃድ አገኙ። ውሏ አንድ ነበር፦ ሰው በበሩ በኩል፣ በየተራው፣ ከውጭ ቆሞ ያያል፤ ውስጥ የምትገባው እሷ ብቻ ናት። ለዓመታት ማንም አልጣሰውም።

ዴዝመንድ ሃርግሪቭ በየመኸሩ ከሚመጡት አንዱ ነው። ደቡብ አገር ቤት እየሠራ በመሸጥ የበለጸገ፣ ደረቱ ላይ መነጽርና ከክንድ የሚረዝም ካሜራ የሚያንጠለጥል፣ ሌላ ሰው ያያትን ወፍ ሳያይ ካደረ የሚያመው ሰው ነው። ባሕሩን የሚያየው ሰፊ ክፍል የእሱ ነው። ኦስላን በስሟ ጠርቷት አያውቅም። «የኔ ቆንጆ፣ ሻይ» ይላታል፣ ስልሳ ዓመት ያለፋትን ሴት። ለጣቢያው አዲስ የእንግዳ ክፍሎች አሠራለሁ ብሎ ጣቢያውን ለሚያስተዳድረው ቦርድ ቃል ከገባ ወዲህ ደግሞ የጣቢያው ኃላፊ ፊንሌይ በር ሲከፍትለት ጎንበስ ማለት ጀምሯል። ፊንሌይ ክፉ ልጅ አይደለም፤ ከግላስጎው የመጣ፣ ወፍ የሚወድ፣ ሰው የሚፈራ ወጣት ነው።

ሚስ ሄስተር ብሌሚር ደግሞ ከሃርግሪቭ በፊት ጀምሮ የሚመጡ ጡረተኛ አስተማሪ ናቸው። ከዮርክ በባቡር፣ ከዚያ በመርከብ፣ ከዚያ በላውሪ ጀልባ እያስመለሳቸው ይደርሳሉ። የሚያርፉት ከወጥ ቤቱ አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል ነው። ዓይናቸው እየደከመ ነበር። ይህ ነገር በሆነበት ዓመት እንደመጡ፣ ለኦስላ ድንች እየላጡላት ሳለ ነገሯት።

«ሐኪሙ መሃል መሃሉ ነው የሚጠፋብዎት አለኝ። ዳር ዳሩ ይቀርልኛል።»

«ታዲያ ወፍ በዳር ይታያል እንዴ?» አለች ኦስላ።

«ዝሆን የምታህል ከሆነች» አሉ ሚስ ሄስተር፣ ልጣጩን ባልዲ ውስጥ እየጣሉ። ባልዲውን ስቶ ወለሉ ላይ ወደቀ። ኦስላ አንስታ ጣለችውና ሌላ ነገር አወራች።

በጥቅምት ነፋሱ ከምሥራቅ ዞረ። አንድ ቀን ጠዋት፣ የቁርሱ ሳህን ከታጠበ በኋላ፣ ኦስላ ለሾርባ ጎመን ልትቆርጥ ካቡ ውስጥ ገባች። ቢላዋዋን እንዳነሳች ከቅጠሉ ሥር አንዲት ቡናማ ወፍ ብቅ አለች። ሰው ሁለተኛ የማያያት ዓይነት ነበረች፣ አንገቷን ቀና እስክታደርግ። ጉሮሮዋ ቀይ ነው፤ የተነከረ እንጂ የበቀለ አይመስልም። ኦስላ ቢላዋዋን እዚያው ጥላ የኋሊት ወጣች።

ፊንሌይ መረብ ሲጠግን አገኘችው።

«ጉሮሮዋ ቀይ የሆነ ወፍ ጎመኔ ውስጥ አለች።»

«ደረቷ ማለትዎ ነው?» አለ ፊንሌይ፤ ደረተ ቀይ ወፍ እዚያ አገር በየአጥሩ አለች።

«ደረትና ጉሮሮ መለየት አያቅተኝም፤ ዕድሜ ልኬን ዶሮ ስበልት ነው የኖርኩት።»

ፊንሌይ መረቡን ጥሎ ሮጠ። ተመልሶ ሲመጣ ፊቱ ነጭ ሆኖ ነበር። ወፏ ከሳይቤሪያ ናት፤ ወደ ደቡብ እስያ ስትሄድ ነፋስ አስቷት ነው፤ ብሬናይ ላይ ከዚህ በፊት አልታየችም። ወሬው ጣቢያውን ሲያዳርስ ጊዜ አልወሰደበትም። እንግዶቹ ቦት ጫማቸውን በቅጡ ሳያጠልቁ ወርደው በካቡ በር ላይ ተሰለፉ። ወፏ ከጎመን ወደ ጎመን እየተሹለከለከች አልፎ አልፎ ብቻ ትታይ ነበር፤ ያየ ሰው ምንም ሳይናገር ዘወር እያለ ቦታውን ይለቃል። አንዱ ትልቅ ሰውዬ ዓይኑን ሲጠርግ ኦስላ አየችው።

ሚስ ሄስተር በዱላቸው እየተደገፉ እስኪደርሱ ሌሎቹ ጨርሰው ነበር። ሃርግሪቭ ግን ከእሳቸውም በኋላ ነው የመጣው፤ በደሴቱ ወዲያኛው ጫፍ ሳለ ወሬው ደርሶት እያለከለከ ወረደ።

ሚስ ሄስተር በሩ ላይ ቆሙ። ያቺን ወፍ ከልጅነታቸው ጀምሮ በሥዕል ያውቋታል። ኦስላ ነፋሱ እንዳይጥላቸው ከኋላ ደገፈቻቸው። ፊንሌይ በጆሯቸው፣ «ከትልቁ ጎመን በስተግራ ናት። አይቸኩሉ፣ ትወጣለች» አላቸው። አሮጊቷ ጤነኛውን የዓይናቸውን ዳር ለመጠቀም አንገታቸውን እንደ ዶሮ አዘንብለው ጠበቁ።

«ሴትዮዋ እኮ አያዩም» አለ ሃርግሪቭ ከኋላ፤ ድምጹን ዝቅ ለማድረግ አልደከመም። «ምን ያቆመናል?»

«ሚስተር ሃርግሪቭ፣ ቀጣዩ እርስዎ ነዎት» አለ ፊንሌይ።

«ዝም በሉ» አሉ ሚስ ሄስተር። «ቅጠሉ ተንቀሳቀሰ።»

ሃርግሪቭ ከሰልፉ ወጣ። ነፋሱን ሊሸሽ የሄደ መሰላቸው። እሱ ግን ካቡን በጀርባ በኩል ዞሮ፣ ካሜራውን አንገቱ ላይ አጥብቆ፣ ድንጋዩን መውጣት ጀምሮ ነበር። ኦስላ ያየችው አንድ እግሩ ወዲህ፣ አንድ እግሩ ወዲያ ሆኖ ካሜራውን ጎመኑ ላይ ሲያነጣጥር ነው። አፏን ሳትከፍት ካቡ ሆዱን ነፋ፤ ከዚያ ከላይ እስከ ታች ተናደ። ሰውየው ከድንጋዩ ጋር ጎመኑ ላይ ተንኮታኮተ።

ወፏ በጭንቅላታቸው ላይ አለፈች። ነፋሱ ተቀብሎ እንደ ደረቅ ቅጠል ወደ ገደሉ አፍ ወሰዳት፤ ከባሕሩ በላይ ልትመለስ ስትታገል ታየች። ከገደሉ ሥር ጀርባው ጥቁር የሆነ ትልቅ የባሕር ወፍ ተነሳ። ሳይቸኩል ደረሰባትና በአየር ላይ ዋጣት። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ አየ።

ሚስ ሄስተር ብቻ ናቸው አሁንም በበሩ በኩል ወደ ጎመኑ የሚያዩት።

«ምን ወደቀ?» አሉ። «ወጣች እንዴ?»

ኦስላ ክንዳቸውን ያዘች። «ሄደች፣ ሚስ ሄስተር» አለቻቸው።

ሃርግሪቭ ተነሳ። ጉልበቱ ላይ ያለውን ጭቃ ሳይጠርግ ካሜራውን ገልጦ አየ። ፊቱ በራ። «አንዷ ፎቶ ግልጽ ናት» አለ። «ጉሮሮዋ ሳይቀር።» ከዚያ የሰዉን ፊት ሲያይ፣ «ካቡ እኮ የተናጋ ነበር፤ ሰው ሊጎዳ ይችል ነበር» ብሎ ጨመረበት።

ፊንሌይ የሆነውን ለሚስ ሄስተር ነገራቸው። እሳቸውም ወደ ሃርግሪቭ ድምጽ ዞረው፣ «ምንም አይደል፣ ዴዝመንድ። ይቅር ብዬሃለሁ። ማንም ሊሳሳት ይችላል» አሉት። እሱም አመስግኖ እጃቸውን ጨበጠ፣ ጉዳዩም በዚያ አለቀለት።

ለኦስላ አላለቀም። የእናቷን ድንጋይ ጭቃ ውስጥ ተዘርሮ አየች። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። ሰውየው ካቡን ሲወጣ ስለ ካቡ ጨርሶ አላሰበም፤ «የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ በጭንቅላቱ አላለፈም። ያንገበገባት ይህ ነው። ተሳስቶ አልነበረም፤ ንቆ ነው።

ምሳ ላይ በጢስ የደረቀ የበግ ሥጋ ሾርባ ይዛ ዞረች። ለሁሉም ቀዳች። ሃርግሪቭ ጋ ስትደርስ ባዶ ሳህኑን ከፊቱ አንስታ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈች።

«የኔ ቆንጆ፣ ዘለልሽኝ እኮ» አለ እየሳቀ።

«ዝላይ ያስተማርከኝ አንተ ነህ» አለች። ድምጿ ዝቅ ብሎ ነበር።

«ምን አልሽ?»

«ካቡን መልሰህ ካበው። ድንጋዩ እዚያው ነው፣ የትም አልሄደም። ካቡ ሲቆም ትበላለህ።»

ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሁሉ ማንኪያውን አየ። ሃርግሪቭ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። «ሰው ቅጠሪና አስጠግኚው፤ እኔ እከፍላለሁ።»

«ሰው አልጠየቅኩህም። እጅህን ነው የጠየቅኩህ።»

«እስቲ እንደ አዋቂ እንነጋገር» አለ፣ ከእሷ ዞሮ ለጠረጴዛው። «መንገድ የሳተች ወፍ ናት። አገሯ አትመለስም። ዛሬ ባትሞት በሳምንቱ ትሞት ነበር፤ ይህን እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔ ቢያንስ መምጣቷን በፎቶ አስቀረሁ። ለአንዲት የምትሞት ወፍ ይህን ያህል ጭቅጭቅ ምንድን ነው?»

በተናገረው ውስጥ ሐሰት አልነበረም፤ ይህ ደግሞ ኦስላን ይበልጥ አነደዳት። ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ አስቀመጠች።

«አንተም እኮ ትሞታለህ» አለችው። «እኔ ግን እስከ ዛሬ ሳበላህ ነው የኖርኩት።»

ፊንሌይ ዕቃ ማስቀመጫዋ ጠባብ ክፍል ውስጥ ጠርቷት በሩን ዘጋ። ጆሮው ቀልቶ ነበር።

«ኦስላ፣ እባክዎን። አንድ ቃል ነው፤ ይቅርታ ይበሉት።»

«ስለ ምኑ?»

«ሳህን አነሱበት። ሰው ፊት አዋረዱት።»

«እሱ ይቅርታ ብሎኛል?»

«እከፍላለሁ ብሏል።»

«አንተ ልጅ፣ ጠዋት በሩ ላይ ቆመህ አይተሃል። የአንተ ዓይን ጤነኛ ነው። ምን አልከው?»

ፊንሌይ በመደርደሪያው ላይ ያለውን የቆርቆሮ ባቄላ አየ። «ክፍሎቹን የሚያሠራው እሱ ነው። ቦርዱ ይህን ቢሰማ … እርስዎም እኮ በዚህ ጣቢያ ደመወዝ ነው የሚኖሩት።»

«እሱን ስታስታውሰኝ ሁለተኛህ ነው ወይስ ሦስተኛህ?» አለች ኦስላ። ሽርጧን ፈታ የባቄላው ቆርቆሮ ላይ ጣለችውና ወጣች። ሾርባው ምድጃው ላይ እየፈላ ነበር። አላወረደችውም።

በነጋታው ባሕሩ ተነሳ። ጀልባ የሚወጣበት ቀን አልነበረም፤ ትንሿ አውሮፕላንም ደመናው ላይ ዞራ ተመለሰች። እንግዶቹ ሁሉ፣ ሃርግሪቭም ጭምር፣ ጣቢያው ውስጥ ተዘጋባቸው፤ ወጥ ቤቱንም ፊንሌይ ያዘው። ላውሪ የሆነውን ሊነግራት ጎራ አለ።

«ገንፎውን አቃጥሎታል» አለ፣ እሳቱ አጠገብ እጁን እያሸ። «ዓሣውንም አቃጥሎታል። ሻዩን እንዴት እንዳቃጠለው እንጃ። አንዷ ሴትዮ ዳቦ የት ነው ብትለው ሊያለቅስ ደረሰ።»

«ይብላው።»

«ያ ሰውዬ ሻንጣው ሙሉ ብስኩት አለው አሉ። ክፍሉን ዘግቶ ይቆረጥማል። አንቺ ኦስላ፣ ካቡን እኔ ልካበው እንዴ? የግማሽ ቀን ሥራ ነው።»

«ድንጋይ ብትነካ እጅህን እቆርጠዋለሁ።»

ላውሪ ኮፍያውን አነሳ።

ከዚያ በኋላ ነፋሱ ትንሽ ረገብ ባለ አንድ ጠዋት ኦስላ በመስኮት ስታይ ሰው ካቡ አጠገብ ተንበርክኳል። ሃርግሪቭ የመጣ መስሏት ልቧ ዘለለ። ቀረብ ብላ ስታይ ሚስ ሄስተር ናቸው። ዱላቸውን ጭቃው ላይ ጥለው፣ ካፊያው ኮታቸውን እያበሰበሰው፣ የራሳቸውን ጭንቅላት የሚያህል ድንጋይ አቅፈው ሊያነሱ ይታገላሉ። ኦስላ ያለ ጫማ ማለት ይቻላል፣ በቤት ነጠላ ጫማዋ ሮጠች፤ እየጮኸች።

«ምን እያደረጉ ነው? ማን ለመንዎት? ወገብዎ ቢቀነጠስ ማን ሊሸከምዎት ነው?»

«ድንጋይ እያነሳሁ ነው» አሉ ሚስ ሄስተር።

«ምንም አይደል ያሉት እርስዎ ነዎት። ይቅር ያሉት እርስዎ ነዎት። ምንም ካልሆነ ድንጋዩም ምንም አይደለም፤ ይነሱና ይግቡ።»

አሮጊቷ ድንጋዩን አስቀመጡት። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቁ። «አባቴ ቄስ ነበሩ» አሉ። «ቤታችን ውስጥ የተቆጣ ልጅ ራት አይበላም ነበር። ምንም አይደል ማለትን ከአፍ መፍታቴ ጋር አብሬ ነው የተማርኩት፤ አፌ ብቻውን ይለዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፤ ልቤ ይደልቃል፣ መንጋጋዬን ያመኛል። የታመምኩ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ጠዋት አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ሳስበው፣ ለካ ቁጣ ነው።» ጭቃ የለበሱ እጆቻቸውን ዘረጉ። «ምን እንደሚደረግበት ግን አላውቅም፣ ኦስላ። ማንም አላስተማረኝም።»

ኦስላ ሴትዮዋን እስከዚያች ሰዓት ድረስ ከሃርግሪቭ እኩል ስትቆጣቸው እንደነበር ያኔ ነው ያወቀችው። አጠገባቸው ተንበረከከች።

«ትልልቁ ከሥር ነው የሚሆነው» አለች። «ሰፊውን ገጽ ወደ ውስጥ ያዙሩት። እንደዚያ አይደለም። በእጅዎ ይዳብሱት እንጂ አይዩት።»

ሠሩ። ሚስ ሄስተር ያስቀመጡትን ኦስላ እያነቃነቀች፣ «ይህ ይወድቃል» ስትላቸው፣ መልሰው ያነሱታል። ከሥሩ ጥቂት ረድፍ እንደቆመ፣ ከላይ በመንገዱ ሃርግሪቭ መጣ። ነፋሱ ሌላ ወፍ ጥሎ ይሆናል ብሎ መነጽሩን አንጠልጥሎ ወደ ገደሉ ሲሄድ ነው። ሁለቱን ሴቶች ሲያይ አንገቱን አቀርቅሮ እርምጃውን አፈጠነ።

«ዴዝመንድ» አሉ ሚስ ሄስተር። አልጮኹም። ዕድሜያቸውን ሙሉ አርባ ልጅ ዝም ያሰኙበት ድምጽ ነበር። «ና እዚህ።»

ሰውየው መጣ። የመጣበትን ምክንያት ራሱም ያወቀ አይመስልም።

«ያን ዕለት ይቅር ብዬሃለሁ አልኩህ።»

«አዎ፣ ሚስ ብሌሚር፤ ደግነትዎን መቼም …»

«መልሼ ወስጄዋለሁ።»

ሃርግሪቭ ግራ ገባው። «ምኑን?»

«ይቅርታዬን። ሳላስብ ነው የሰጠሁህ። ሴትዮዋ አያዩም ስትል ሰምቻለሁ፤ ጆሮዬ ጤነኛ ነው። ተራው የእኔ ነበር። ከዚያች ተራ በኋላ ሌላ ተራ የለኝም፤ አንተ ደግሞ ይህን እያወቅህ ወሰድካት። ፎቶዋን ለሰው ስታሳይ ይህንንም ጨምረህ ንገር።»

ፊቱ ቀላ፣ ከዚያ ነጣ። «በትልቁ አሳትሜ ልልክልዎት እችላለሁ» አለ።

«አላየውም» አሉ ሚስ ሄስተር።

ሰውየው እንዲያድነው ይመስል ወደ ኦስላ ዞረ። ኦስላ ከእግሯ ሥር አንድ ድንጋይ አነሳችና ዘረጋችለት። «ያዝ» አለችው። ድንጋዩን አየው። እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተና በመጣበት መንገድ ተመለሰ። ኦስላ ድንጋዩን ራሷ አስቀመጠችው፤ ጣቷን ቀርጥፎት ደማ፣ ሰደበችው፣ ድንጋዩን ይሁን ሰውየውን አልለየችም።

ባሕሩ ሲረጋ ላውሪ ጀልባውን አዘጋጀ። ጭነት ሲጀመር ወደ ኦስላ ጠጋ ብሎ፣ «ቦታ የለኝም ልበለው እንዴ? ሻንጣውን ብቻ ወስጄ እሱን ልተወው እችላለሁ፤ ትእዛዝሽ ነው» አላት።

«ወስደህ አድርስልኝ» አለች። «አንድ ሌሊት ተጨማሪ እዚህ ቢያድር ወንጀል እሠራለሁ።»

ሚስ ሄስተርም በዚያው ጀልባ ሄዱ። ሃርግሪቭ ከፊት፣ እሳቸው ከኋላ ተቀምጠው፣ ባሕሩን ሙሉ አንድ ቃል አልተነጋገሩም አለ ላውሪ። አሮጊቷ እንደልማዳቸው አስመለሳቸው፤ ባልዲውን ያቀበላቸው ሃርግሪቭ ነው፤ ተቀበሉት፣ አላመሰገኑትም።

ቦርዱ የሆነውን ሰምቶ ኦስላን ከሥራ አሰናበተ። ያንን ያደረገው ፊንሌይ በስልክ እንዲነግራት አዝዞ ነው፤ ከጣቢያው እስከ ቤቷ ድንጋይ ቢወረወር ይደርሳል። የተናገረችውን እዚህ መጻፍ አይቻልም። ሃርግሪቭም ሊሰጥ ቃል የገባውን ገንዘብ ለሌላ ጣቢያ ሰጠ፤ የብሬናይ አዲስ ክፍሎች ሳይጀመሩ ቀሩ። ደሴቱ ውስጥ፣ «ቁጣዋን ዋጥ ብታደርገው ምን ነበረበት?» ያሉ አልጠፉም። ኦስላ ይህን ያለውን ሰው አንድ በአንድ ታውቀዋለች። ክረምቱን የካቡን ቀሪ ብቻዋን ጨረሰች፤ ላውሪን ድንጋይ እንዲያቀብላት ብቻ ፈቀደችለት።

በገና ሰሞን ሚስ ሄስተር ደወሉ። የዓይናቸው መሃል ጨርሶ ሄዷል።

«ትናንት ባንክ ቤት ሰልፍ ላይ ተራዬን አልፎ የገባብኝን ሰውዬ ተቆጣሁት» አሉ።

«ምን አለ?»

«አለቀሰ መሰለኝ። አላየሁትም።»

«ጥሩ አድርገዋል» አለች ኦስላ። ስልኩን ዘጋች። ሴትዮዋ ቁጣን ማወቃቸው ደስ ብሏታል፤ ወፏን ማየት ግን ይሻላቸው ነበር።

በጸደይ ጣቢያው ሊከፈት ሲል አዲስ ወጥ ቤት ሠራተኛ ጠፋ። አንዷ መጥታ ባሕሩን አይታ በዚያው ጀልባ ተመለሰች። ሌላው አንድ ሳምንት ቆየና ዝምታው አሳበደኝ ብሎ ሄደ። በመጨረሻ ፊንሌይ የኦስላን በር አንኳኳ። ኦስላ ግባ አላለችውም፤ በሩ ላይ አቆመችው።

«ቦርዱ ይመለሱልን ይላል።»

«ካቤ ውስጥ የገባ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ በሚቀጥለው ጀልባ ይሄዳል። የቦርዱ ሊቀ መንበርም ቢሆን።»

«እሺ ብለዋል። ይህን እንደሚሉ ነግሬያቸው ነበር።»

«ይቅርታ አልጠይቅም።»

«አይጠየቁም።»

«አንተ ግን ትጠይቀኛለህ።»

ፊንሌይ ዝናቡ በአንገቱ እየገባ ቆመ። «መናገር ነበረብኝ» አለ። «በሩ ላይ ስለ ሚስ ሄስተር ያንን ሲናገርም፣ ካቡን ሲያፈርስም፣ ምሳ ላይም። ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«አሁንስ ትፈራለህ?»

«አዎ።»

«ማንን?»

«እርስዎን።»

«ጥሩ ነው» አለች ኦስላ፣ ኮቷን አነሳች።

የጣቢያው ወጥ ቤት ስትደርስ በሩ ላይ ቆመች። ከጥቅምት ጀምሮ እሷ ያልነካችው ቤት ነው። ያ ሾርባ የነበረበት ትልቁ ድስት ቂጡ ከሰል ሆኖ፣ ማንም ሳያጥበው፣ ከመደርደሪያው ሥር ተደብቋል። መጥበሻዎቹ ዝገዋል። የዳቦ መጋገሪያዋ ላይ ሰው ቀለም ቀላቅሎበታል። አንድ ሰው ቢላዎቿን አንድ ላይ አስሮ መሳቢያ ውስጥ ወርውሯቸዋል፣ ስለታቸው እርስ በርስ ተበላልቷል።

ፊንሌይ ከኋላዋ ሆኖ፣ «እንኳን ደህና መጡ» ሊል አፉን ከፈተ።

«ውጣ» አለች ኦስላ። ድምጿ ዝቅ ብሎ ነበር።

ፊንሌይ ወጣ። በሩን ዘጋች፣ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ ድስቱን ከመደርደሪያው ሥር ጎትታ አወጣችና በአሸዋ ትፈትገው ጀመር። ያን ቀን እስኪመሽ ድረስ የብረቱ ጩኸት በጣቢያው ሁሉ ይሰማ ነበር፤ ሻይ የፈለገ ሰው ሁሉ ሱቁ ድረስ ወርዶ ነው የጠጣው።